ሰማዩ የቀላ ዓመት ለወፍ የነገርኩት

የልጅ ልጄ ሙሉጌታ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምሳውን ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ምሳውንም ረስቶ፣ አንድ ወፍራም የፈረንጅ መጽሐፍ ታቅፎ መጣና አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እኔ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። ይህ ልጅ እኔን ማስተማር ይወዳል። ከየካ ወጥቼ የማላውቅ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ሌላ ዓለም ያለ የማይመስለኝ አሮጊት አድርጎ ነው የሚያየኝ። አይፈረድበትም፤ ከእውነቱም ብዙ አልራቀም።

ያነበበልኝ ስለ አንድ ተራራ ነው። ከህንድ አገር ወዲያ፣ ከባሕር መካከል፣ ክራካቶዋ የሚባል ሆዱ እሳት የሆነ ተራራ ነበር አለ። አንድ ቀን ጠዋት ፈነዳ። ድምፁ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ተሰማ፤ ባሕሩ ተነሥቶ ዳር ዳሩን አገር ሁሉ ጠረገው፤ ሰውም አለቀ። አመዱና ጢሱ ደግሞ ሽቅብ ከደመና በላይ ወጣ። ከደመና በላይ ዝናብ ስለሌለ የሚያጥበው አጣና እዚያው ተንሳፍፎ፣ ነፋስ እየገፋው ዓለምን ዞረ። ፀሐይ በዚያ አቧራ ውስጥ ስታልፍ በየአገሩ ሰማዩ ማታ ማታና ጠዋት ጠዋት ደም መሰለ። ከተማ ተቃጠለ ብለው ውሃ ይዘው የሮጡ ሰዎች ነበሩ ይላል መጽሐፉ። የፀሐይዋም ሙቀት ስለተጋረደ ዓለም ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቀዝቅዞ ከረመ።

መቼ ነው ይህ የሆነው አልኩት። ከፈረንጁ ዘመን ወደ እኛ ዘመን በጣቱ እየቆጠረ ቆየና፣ ሰማዩ በየአገሩ የቀላው በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው አለኝ። ብድግ አልኩ። ባቄላው ከጭኔ ላይ ተንዶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ልጁ ያመመኝ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ውሃውን ጠጣሁና መጽሐፉን ዝጋ፣ ብዕርህን አምጣ አልኩት። አንተ ያነበብከውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የማስጽፍህ ግን የሰማዩን ነገር አይደለም፣ እኔ የሠራሁትን ነው አልኩት። ስለዚህ እጁ የእሱ ነው፤ አንደበቱ የእኔ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ የሚባል ከተማ ገና አልተወለደም። ንጉሡ የከተሙት ከእንጦጦ አናት ላይ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በምሥራቅ፣ ወደ ካራ በሚያወርደው ትከሻ ላይ፣ በጣት የሚቆጠሩ ጎጆዎች በቆሙባት መንደር እንኖር ነበር። ዛሬ ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ አልነበረም። የነበረው ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ነው፤ እሱም ላይኛው የንጉሡ ግቢ ለቤትና ለማገዶ እያስቆረጠው ከዓመት ዓመት ይሳሳ ነበር። የዛሬ ልጆች እንጦጦን የሚያውቋት በባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ለእኔ እንጦጦ የምትሸተኝ የራሰ ጥድና የገብስ ማሳ ነው። ጤፍ እዚያ ብርድ ላይ አይሞከርም። ገብስ ዘርተን፣ ገብስ ቆልተን፣ ገብስ ጠምቀን ነው ያደግነው። ገብስ ከተበላሸ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ ሰው በመንደራችን አልነበረም።

እኅቴ ወለላ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን አስም ስለነበረባት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ወለላ ናት። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ስሳሳት የምትቆነጥጠኝም እሷ። ቀጠን ያለች፣ ረዘም ያለች፣ ሥራ ስትይዝ የታች ከንፈሯን የምትነክስ ሴት ነበረች። ከንጉሡ ወታደሮች ለአንዱ ተድራ ነበር፤ ባሏ ከጦሩ ጋር ወደ ደቡብ ሲዘምት እሷ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነውና እኛ ዘንድ መጣች።

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጎረቤቶቹ ሴቶች አራስ አትጾምም ብለው ቢከራከሯትም እናቴ በጄ አላለችም፤ የመጀመሪያውን ገንፎ በኑግ አበላቻት። ወለላ እየሳቀች፣ ይህ ልጅ አንድ ቀን ቢታገሥልኝ ቅቤ አልከለከልም ነበር ስትል ትዝ ይለኛል። በማግሥቱ ግን ቅቤው በገንፎው መሐል ጉድጓድ ሞልቶ ፈሰሰ። ጣቴን ከገንፎው ዳር ስሰድ አልቆነጠጠችኝም። ልጁን መኩሪያ አለችው። ባሏ ከዘመቻ ሲመለስ የሚኮራበት እንዲሆን ነው።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። መኩሪያ አርባ ቀን አልቆየም። የጳጉሜን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ትንፋሹ ያፍነው ጀመር። አባቴ መምሬ ኃይሉን ሊጠራ እየሮጠ ወረደ፤ ልጅ ሊሞት ሲል ካህን ደርሶ በቶሎ ማጥመቅ ይችላልና። መምሬ ግን ከወንዙ ማዶ በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው ነበር፣ ወንዙም በሌሊቱ ዝናብ ሞልቶ ነበር። አባቴ ከወዲህ፣ እሳቸው ከወዲያ ቆመው ተያዩ። ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ ልጁ አለፈ።

ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። ፍትሐት የለውም፣ ተዝካር የለውም፣ እንደ ሰው ደረት አይመታለትም። አባቴ በወለላ ነጠላ ጠቅልሎ ወንዙ ዳር፣ ከአንድ ኮሶ ሥር ቀበረው። ጎረቤት መጥቶ፣ እግዜር ይተካልሽ ብሎ ተመለሰ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ልማዱ ያ ነው፤ እናቶቻቸውም እንዲያ አድርገዋል። ወለላ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች።

በማግሥቱ ወንዙ ዳር ወርዳ ተመለሰች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አፈሩ ተጭሯል አለችኝ። ጅብ ነው፤ አልደረሰበትም እንጂ ጀምሮታል። ይህን ለእናቴም ለአባቴም አልነገረቻቸውም። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።

ጳጉሜን ሦስት ቀን የሩፋኤል ዕለት ነው። የዚያን ዕለት ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ትንሽ ትልቁ ወጥቶ ይጠመቅበታል። መንደሩ በሙሉ ከሜዳው ወርዶ ነበር። የጳጉሜን ጉም ደግሞ እንጦጦ ላይ ሲወርድ ሦስት እርምጃ ወደፊት አያሳይም። ወለላ ዶማውን ያዘች፣ እኔን በዓይኗ ጠቀሰችኝ፣ ተከተልኳት። ከኮሶው ሥር አወጣችው። እኔ ታቀፍኩት፤ ክብደቱ አንድ ቁና ገብስ አይሞላም። በጉሙ ውስጥ ሽቅብ ወጥተን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የድንጋይ ካብ ተሻግረን፣ ከውስጥ በኩል ከትልቁ ጥድ ሥር ቆፈረችና አስተኛችው። ካቡ ጅብ አያሳልፍም። እዚያ ያስቀመጠችው ለዚያ ነው። ለክብሩም ለጽድቁም ብላ አይደለም፤ እንዳይበላባት ነው።

ከጨረስን በኋላ እጄን በዝናቡ ውሃ አጠበችልኝ። አላስማለችኝም። “ጥሩ፣ አሁን የምናውቀው ሁለታችን ነን” አለችኝ፣ ያን ብቻ። ያን ቀን ማታ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎመንና የገብስ ቂጣ በላች፤ ተኛችም።

አዲሱ ዓመት ገባ። መስከረም ከገባ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ደመናው ገለጥ ባለበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋን አየናት፤ አረንጓዴ ናት። እንደ ዛገ መዳብ ያለ አረንጓዴ፤ ትኩር ብለው ሲያዩዋት ዓይን የማታስለቅስ። አሮጊቶቹ አማተቡ፣ ሕፃናቱ ጮኹ፤ ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሆና ለቀቃት። ረሳነውም። ከመስቀል በኋላ ግን ሰማዩ ጥርት ሲል ሌላ ነገር መጣ። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ እንደ ወትሮው ድንግዝግዝ ይላል፣ ከብቱ ይገባል። ከዚያ መጨለም ሲገባው ብርሃኑ ከምዕራብ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ቢጫ ነው፣ ከዚያ እንደ ፍም ይቀላል፣ እየቀላ እስከ አናታችን ይወጣል። ላሞቹ ቀይ፣ የገዛ እጃችን ቀይ። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ሁሉ የታረደ በግ የተሸከመ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ማታ ወንዶቹ የመናገሻ ጫካ ተቃጠለ ብለው ጋሻና ዱላ ይዘው ወደ ገመገሙ ወጡ። እሳትም ጢስም የለም። ከላይኛው ግቢ የሚመጡ ሰዎችም እዚያም ያው ነው አሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ገና ሊነጋ ብዙ ሲቀረው ሰማዩ ይቀላል፤ ዶሮው ተሳስቶ ይጮኻል፤ ሴቶቹ ነጋ ብለው ተነሥተው ከወፍጮው ላይ ይቀመጡና ተመልሶ ሲጨልም እርስ በርስ ይተያያሉ። ምሕላ ታወጀ፤ እግዚኦ አልን፤ ድንጋይ ተሸክመን ቤተ ክርስቲያኑን ዞርን። ሰማዩ አልተመለሰም። እውነቱን ልናገርና፣ ጥቅምት እኩሌታ ላይ ሰው ለምዶት ነበር። እኛ ልጃገረዶቹማ ከማሳው ዳር ተቀምጠን እናየው ነበር፤ ያምራል እኮ። ወለላ ብቻ አትወጣም። አንዴ ብቻ፣ በመስቀል ማግሥት፣ ልጇ አርባ ቀን በሚሞላው ዕለት፣ ይዛኝ ወጣችና ከካቡ ውጭ ቁጭ ብለን ነበር። ዛሬ ክርስትና ይነሣ ነበር አለችኝ።

ኅዳር ላይ ውርጭ ወረደ። ገብሱ ወተት ይዞ፣ እሸቱ ሊደርስ ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አንድ ጠዋት ስንነሣ በቅሉ ውስጥ ያደረው ውሃ ግግር ሆኗል፣ ማሳው በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ነው። ፀሐይ ስትነካው ቀለጠ። ቀትር ላይ ገብሱ ጠውልጎ አንገቱን ሰበረ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አባቴ አንድ ዘለላ ቀጥፎ በመዳፉ መካከል አሸው። ከገለባው ውስጥ የወጣው ቅንጣት ሳይሆን እርጥበት ነው። እጁን አየውና፣ ያችኑ እርጥበት በምላሱ ላሳት። የአባቴን ፊት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ውርጭ ለእኛ ተራራ እንግዳ አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ይመጣል፤ ሰው ያማርራል፣ ከካራ በታች ካሉት ዘመዶች እህል ይለምናል፣ ይኖራል። ሰማዩ ባይቀላ ኖሮ ያን ዓመትም እንዲያ ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ቀይ ሰማይ ከውርጭ ጋር ሲገጥም ሰው ምክንያት ፈለገ። ሽማግሌዎቹ መሬት የማይገባትን ይዛለች ይሉ ጀመር። በቅዱስ ስፍራ የማይገባ ነገር ሲቀበር ሰማይ ይቆጣል የሚል የቆየ እምነት አለ። እኔ ይህን ስሰማ ከሰው መካከል እየሸሸሁ ወደ ቤት እገባ ነበር። ወለላ ግን እየሰማች እንዳልሰማች እንጨቷን ትፈልጣለች።

የመንደራችን አለቃ፣ ጭቃ ሹሙ፣ አውጫጪኝ ጠራ። የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ላስረዳ። ሰው ተገድሎ ወይም ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተሰርቆ ያደረገው ሲጠፋ፣ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰው ከመካከሉ ታማኝ የሚላቸውን ሦስት ሰዎች ይመርጣል፤ እነዚህ ወፍ ይባላሉ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ወፎቹ ዘንድ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራል። ወፎቹም ለሽማግሌዎች ነገሩን ይናገራሉ እንጂ ማን እንደነገራቸው እስከ መቃብር አያወጡም። ሰው ደፍሮ እውነት የሚናገረው ለዚህ ነው። ሰማይ ቀላ ተብሎ አውጫጪኝ የተቀመጠ አገር ግን ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ቀን ተቀመጥን። ቆሎ እንቆረጥማለን፣ ውሃ በተራ ይቀዳል። ያልታለቡት ላሞች ከየጋጣው ይጮኻሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እናቴ የበግ ጠጉር ባና ተጠቅልላ ትንፋሽ እያጠራት ታፏጫለች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር። ማታ ሲሆን ያ ቀይ ሰማይ ከሁላችን በላይ ይዘረጋል፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ወለላ ከእናቴ ማዶ ተቀምጣ እግሯን ታሸላታለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። እኔ ደግሞ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ዝምታ በረዶ ላይ ያድራል። እናቴ በእኔ ዝምታ ልትሞት ነው። ገብሱም የጠፋው በእኛ እጅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ሰማይ የተቆጣው በእሷ ምክንያት እንደሆነ ስታምን ምን እንደሚሰማት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሰማዩም ጭምር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተራዬ ደረሰ። ከሦስቱ ወፎች አንዷ እማማ ብዙነሽ የሚባሉ ጎረቤታችን ባልቴት ነበሩ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

“ከካቡ ውስጥ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር፣ ሕፃን አለ” አልኳቸው።

ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቁኝም። “ሂጂ ልጄ፣ ተቀመጪ” አሉኝ።

የወለላን ስም አልጠራሁም። ለስንት ዓመት በዚህ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ሞኝነት ነው። በዚያ ክረምት በመንደራችን ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሌላ ልጅ አልነበረም።

እንዲያወጣው የታዘዘው አባቴ ነው። እንቢ አላለም፤ እንዴት ብሎ። ሰው ሁሉ ከካቡ ውጭ ቆሞ ነበር። መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን ይዘው እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ያን ዕለት ወንዙን ባለመሻገራቸው ኃጢአቱ የእኔ ነው ሲሉ ሰማኋቸው፣ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ነጠላው አፈር ለብሶ ጭቃ መስሎ ወጣ። ወለላ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ዞር ብላ እኔን ፈለገችኝ። ወፎቹ አልተናገሩም፣ ሽማግሌዎቹም አያውቁም፤ እሷ ግን መጠየቅ አላስፈለጋትም። በቀስታ፣ ቂም በሌለው ድምፅ፣ “እኔ እኮ የተጽናናሁት ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ነበር” አለችኝ።

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እስክትሄድ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረችኝም።

አባቴ ከኮሶው ሥር መልሶ ቀበረው፤ ሊሸከም የቻለውን ድንጋይ ሁሉ ከላይ ከመረበት። ወለላ ያንንም አላመነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባና ተከናንባ፣ ዱላ ይዛ ወንዙ ዳር ትወርድና ጭለማው እስኪጸና እዚያ ትቀመጣለች፤ አባቴ ሄዶ እጇን ይዞ እስኪያመጣት። እኔ በሶ በቅል እያደረግሁ እወስድላት ነበር። ትቀበለኛለች፣ ትጠጣለች፣ ቅሉን ትመልስልኛለች። ፊቷ በዚያ ሰማይ ቀልቶ ይታየኛል። ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ።

ሰማዩን በጣም የጠበቅሁት ያን ጊዜ ነው። በየማታው ከበራችን ቆሜ ምዕራብ ምዕራቡን አያለሁ። ዛሬ ይለቃል እላለሁ። ልጁ ወጥቷል፣ መሬት ጸድታለች፣ ታዲያ ለምን ይቀላል? አንድ ማታ ብቻ ደህና ሰማይ ባየሁ፣ ያደረግሁት ነገር ፋይዳ ነበረው ብዬ ከወለላ እግር እወድቅ ነበር። ኅዳር አለፈ፤ ቀይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ዳግም መጥቶ የተረፈውን ገብስ መታው። ልደት አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ቀይ ነው። በከተራው ማታ ታቦቱ በዚያ ብርሃን ሲወርድ ልብሱ ሁሉ እሳት ይመስል ነበር። ከመንደሩ ሰው አንድ እንኳ መጥቶ ተሳስተናል፣ ልጁን መልሱት ያለን የለም። ሌላ ምክንያት ፈለጉ፤ ከዚያም ምክንያት መፈለጉን ተዉት። ማጭድ የማይገባበትን ገብስ ለከብት ለቀቁት።

ከጥምቀት በኋላ የወታደር ሚስቶች ስንቅ ይዘው ወደ ጦሩ ሰፈር ሲጓዙ ወለላ አብራ ተነሣች። እናቴን አቀፈች፣ የአባቴን ጉልበት ሳመች። ከእኔ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ትኩሳት ሲይዘኝ ታደርግ እንደነበረው መዳፏን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። የሆነ ነገር ልትለኝ መሰለኝ። እጇን አነሣችና ሄደች። በካራ በኩል ባለው ቁልቁለት ነጠላዋ እስኪጠፋኝ አየኋት። አንዴ እንኳ አልዞረችም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ክፉው ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም ተከተለ። ወለላ በዚያው ባሏ በዘመተበት አገር ማለፏን ባሏ ራሱ እንጦጦ ድረስ መጥቶ አረዳን። ሌላ ልጅ አልወለደችም። በመንገድ ላይ ይሁን በቤት፣ ማን እንደቀበራት፣ ቅጥር ውስጥ ይሁን ውጭ፣ ልጠይቀው ፈልጌ አፌ አልከፈት አለኝ። እናቴም አባቴም ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ዝም ብለው ይዘውት ሄዱ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ ስኖር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ወንዙ በየክረምቱ ዳርቻውን ሲቆርስ ኖሮ ኮሶውም ድንጋዩም ከነበሩበት የሉም። ዛሬ እዚያ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ሲወጡ ሲወርዱ ይረግጡታል።

ሙሉጌታ እስከዚህ ድረስ ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠ። ጎረምሳ ነው፤ ማልቀስ ያፍራል፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና መጽሐፉን እንደገና ገለጠ። ውርጩንስ ያመጣው ያ ተራራ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሐቀኛ ልጅ ነው፣ እኔን ለማጽናናት ብሎ አልዋሸም። መጽሐፉ ስለ እኛ አገር የሚለው የለም አለኝ፤ ዓለም ቀዘቀዘ ይላል፣ የእንጦጦን ገብስ የመታው እሱ ይሁን የወትሮው ብርድ ይሁን ሊያውቅ የሚችል የለም። የሰማዩ ቅላት ግን ያለ ጥርጥር የዚያ ተራራ አቧራ ነው አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቅሁት። ለምን ከመጀመሪያው እንዳልጠየቅሁት አላውቅም፤ ምናልባት ፈርቼ ይሆናል።

“ተራራው የፈነዳው በየትኛው ወር ነው? ቀኑስ?” አልኩት።

ከመጽሐፉ ላይ ቀኑን አየ፣ ወረቀት ላይ ደመረ ቀነሰ፣ ደግሞ ደገመው።

“ነሐሴ ሃያ ሁለት ነው፣ እማማ” አለኝ።

ነሐሴ ሃያ ሁለት። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ያን ቀን ግን አውቀዋለሁ። መኩሪያ የተገረዘ ዕለት ነው፤ በስምንተኛው ቀኑ። ጠዋት ነበር። ከእሱ ይልቅ ወለላ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ትስቃለች፣ ሴቶቹ ይቀልዱባታል። እሱ አልቅሶ አልቅሶ ደከመውና ዝም አለ። ወለላ እንባዋን ልትጠርግ፣ ያዥልኝ ብላ ሰጠችኝ። ልብሴን በድዱ ይዞ ጡት ይፈልግብኝ ነበር፤ ከእኔ ጡት የለ ነገር። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሞቀኝ ነበር። ያን ጠዋት አቧራው ሰማይ ላይ ወጥቷል። ልጁ እጄ ላይ በሕይወት አለ፤ ማንም ምንም አልቀበረም፣ ማንም ምንም አልተናገረም። ይህን የማውቅ ዛሬ እኔ ብቻ ነኝ፤ ልነግራት የሚገባኝ ደግሞ የለችም።